ሂልስ ሮድ፦ በሩ ከአሥራ አንድ ወደ አሥራ ስድስት የተዛወረበት ትምህርት ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ከተማ፣ ሂልስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ያለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1900 ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ተማሪውን መርጦ የሚያስገባ ነው፤ የተለወጠው የሚመርጥበት ዕድሜ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሰባ ያህል ዓመታት አሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወንዶች ልጆች በክፍያ ወይም በፈተና እየለየ ተቀበለ፤ ከ1974 ወዲህ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ወንዶችና ሴቶች ይቀበላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ግቢ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው፤ በአንድ ቦታና በአንድ ጥንታዊ የጡብ ሕንፃ ውስጥ አንድ አገር ልጆቿን መቼና እንዴት እንደምትለይ ሁለት ጊዜ ስትወስን ማየት ይቻላል።

ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ የሚባለው ተቋም ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ቢመስልም ሥራው ቀላል ነው። እንግሊዛውያን ልጆች በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ጂሲኤስኢ የተባለውን ፈተና ከወሰዱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ያሉትን ሁለት ዓመታት ብቻ የሚያስተምር፣ ከሥር ምንም የታችኛ ክፍል የሌለው ትምህርት ቤት ነው። አብዛኛው ተማሪ ሦስት፣ አልፎ አልፎም አራት የትምህርት ዓይነት መርጦ ኤ ሌቨል በሚባለው ደረጃ ጠለቅ አድርጎ ያጠናል፤ ሌላውን ሁሉ ይተዋል። ከመንግሥት ወጪ የሚሸፈን ስለሆነ ክፍያ የለበትም። ኮሌጅ ቢባልም ዲግሪ አይሰጥም። እኛ ዘንድ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰናዶ ብሎ ለይቶት የነበረውን 11ኛና 12ኛ ክፍል ለብቻው የራሱ ግቢ፣ የራሱ ርእሰ መምህርና የራሱ በጀት ቢሰጡት የሚመጣው ነገር ከዚህ ብዙም የራቀ አይሆንም።

የግቢውን ታሪክ ከራሱ በፊት ከጎረቤቱ መጀመር ይሻላል። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለው ሆመርተን ኮሌጅ ዛሬ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዋናው ሕንፃው ግን በ1870ዎቹ የተሠራው ካቨንዲሽ ኮሌጅ ለተባለ ሌላ ተቋም ነበር። የካቨንዲሽ መሥራቾች ሐሳብ ከተለመደው የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ያነሱና አቅማቸው ያልጠና ቤተሰቦች ልጆችን ተቀብሎ በአነስተኛ ወጪ ለዲግሪ ማብቃት ነበር። ሙከራው ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፤ በ1894 ሆመርተን የተባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ከለንደን መጥቶ ቤቱን ወረሰ። ሐሳቡ መጥፎ ስለነበር የከሸፈ አይመስለኝም። ከሥሩ ልጆቹን አዘጋጅቶ የሚልክለት የሕዝብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገና ሳይኖር ጣሪያውን ቀድሞ የሠራ ቤት ነበርና ነው። በሚቀጥለው መቶ ዓመት ውስጥ ያ የጎደለው ነገር እዚያው አጠገቡ፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ቀስ በቀስ ተገነባ።

በ1900 የተከፈተው የወንዶች ትምህርት ቤት በከተማው ሰዎች አፍ «ካውንቲ» ይባል ነበር፤ የካምብሪጅ ከተማና አውራጃው በጋራ ያቋቋሙት በመሆኑ ነው። በዚያው ዘመን ለሴቶችም እኩያው ተቋቁሟል፤ እሱ ኋላ ሎንግ ሮድ ወደተባለው መንገድ ተዛውሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ የወጣው የትምህርት ሕግ የአውራጃ ምክር ቤቶች በሕዝብ ገንዘብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ሥልጣን ሰጠ፤ በ1907 ደግሞ ከመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከሚያስገቧቸው ልጆች ሩቡን ያህል ያለ ክፍያ ከሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲወስዱ ተደነገገ። የቀረው ወላጅ ይከፍል ነበር። ክፍያው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1944ቱ የትምህርት ሕግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ኢለቨን ፕላስ በሚባለው ፈተና ያለፈ ግራመር ስኩል ወደሚባለው ተማሪ መርጦ ወደሚቀበል ትምህርት ቤት፣ ያላለፈ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከገንዘብ ፈተና ይሻላል። ነገር ግን በአሥራ አንድ ዓመቱ በአንድ ጠዋት ሒሳብና የቋንቋ እንቆቅልሽ ሠርቶ የሚለይ ልጅ ዕጣ ፈንታው የተወሰነው ጢሙ ከመብቀሉ ብዙ ዓመት በፊት ነው።

ከካውንቲ ልጆች ሁሉ የእኔን ሐሳብ የሚይዘው ዴቪድ ሮቢንሰን ነው። በ1904 ካምብሪጅ ውስጥ ከተወለዱ ዘጠኝ ልጆች መካከል አንዱ ነበር፤ አባቱ የብስክሌት ሱቅ ነበራቸው። ካውንቲ ገብቶ ተማረ፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ሱቅ ሥራ ጀመረ። ሕጉ ከዚያ በላይ እንዲማር አያስገድደውም ነበር፤ ብስክሌት በሞላበት ከተማ ደግሞ የብስክሌት ሱቅ ሁልጊዜ እጅ ይፈልጋል። ኋላ ወደ ቤድፎርድ ሄዶ የመኪና ጋራዥ ያዘ፤ ቀጥሎ ራዲዮና ቴሌቪዥን ለሕዝብ በማከራየት ትልቅ ሀብት አካበተ። የቴሌቪዥን ዋጋ ለሠራተኛ ቤተሰብ የማይቀመስ በነበረበት ጊዜ በሳምንት ጥቂት ሺሊንግ እያስከፈሉ ማከራየት ምን ያህል አዋጭ እንደሆነ ቀድመው ከገባቸው ሰዎች አንዱ ነበር።

ይህ በአሥራ አምስት ዓመቱ ትምህርት ያቋረጠ ሰው በስተርጅናው ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወደ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጥቶ በስሙ ሮቢንሰን ኮሌጅን አቋቋመ፤ ኮሌጁን በ1981 ንግሥት ኤልሳቤጥ መርቀው ከፈቱት። ከድሮ ትምህርት ቤቱ በዚያው በሂልስ ሮድ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ባለው በአደንብሩክስ ሆስፒታል ግቢ ደግሞ በእናቱ ስም ሮዚ የተባለው የወሊድ ሆስፒታል በእሱ ስጦታ ተሠርቶ በ1983 ተከፈተ። ዛሬ ካምብሪጅ ውስጥ ከሚወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ የሚወለዱት እዚያ ነው፤ ከእነሱም ጥቂቶቹ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ሮቢንሰን ሳይጨርስ የወጣበትን ግቢ ሲረግጡት ይታየኛል። የእሱን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ትምህርት ባይኖርም ይቻላል» ለማለት ይጠቅሱታል። እኔ ተቃራኒውን አነብበታለሁ። ገንዘቡን በሙሉ እንደ ልቡ ሊያደርገው የሚችል ሰው ከሁሉ አብልጦ የሰጠው እሱ ራሱ ላልገባበት ነገር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት ብሪን ኒውተን ጆን የተባሉ የዌልስ ሰው ናቸው፤ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱ በነበሩበት በብሌችሊ ፓርክ ያገለገሉ ነበሩ። ባለቤታቸው የፊዚክስ ሊቁ የማክስ ቦርን ልጅ ናቸው። በ1954 ርእሰ መምህሩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሜልበርን፣ አውስትራሊያ ተሰደዱ፤ አማታቸው የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትም በዚያው ዓመት ነው። ካምብሪጅ በ1948 የተወለደችው ትንሿ ልጃቸው ኦሊቪያ ዓለም የሚያውቃት ዘፋኝ ለመሆን የበቃችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘፈን ከተነሣ አይቀር፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካውንቲ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ሮጀር ዋተርስ፣ ሲድ ባሬትና ስቶርም ቶርገርሰን የሚባሉ ልጆች ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ከመሠረቱት ናቸው፤ ሦስተኛው የአልበሞቻቸውን ሽፋን ሠራ። ባሬት የልጅነት ቤቱም በዚያው መንገድ ላይ፣ በቁጥር 183 ነበር። ኋላ የተቀላቀላቸው ዴቪድ ጊልሞር የተማረው ፐርስ በተባለው የግል ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ፐርስም ከ1960 ጀምሮ የዚሁ መንገድ ነዋሪ ነው። ዋተርስ ትምህርት ቤቱን አይወደውም ነበር፤ በ1979 ባወጡት ዝነኛ ዘፈን ተማሪን የሚያሸማቅቁ መምህራንን የወረፈው እዚያ ያየውን በማሰብ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ በቅሬታ ብቻ ሊጻፍ አይገባም፤ በዚያው ግቢ ጥሩ መምህር አግኝተው ሕይወታቸው የቀና ልጆች ዘፈን ስላላወጡ ብቻ ድምፃቸው አይሰማም። ያም ሆኖ ካባ ለብሰው በሚመላለሱ መምህራን፣ በዱላና በራግቢ ሜዳ የሚመራው የወንዶች ግራመር ስኩል ዘመኑ እያለፈበት እንደነበር ከእነዚህ ልጆች በላይ የሚመሰክር የለም።

ለውጡን ያመጣው ግን የሙዚቃ አመፅ ሳይሆን የአስተዳደር ሰነድ ነው። በ1965 የሌበር ፓርቲ መንግሥት 10/65 የሚል ቁጥር ያለው መመሪያ አውጥቶ የአውራጃ የትምህርት ባለሥልጣናት በአሥራ አንድ ዓመት መለየትን ትተው ሁሉንም ልጅ በአንድነት የሚያስተምር ኮምፕሪሄንሲቭ ትምህርት ቤት የሚያቋቁሙበትን ዕቅድ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። መመሪያው ካቀረባቸው አማራጮች አንዱ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ያሉትን ለይቶ በአንድ ኮሌጅ ማሰባሰብ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ሉተን ከተማ የወንዶች ግራመር ስኩሏን ወደ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ለወጠች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በ1972 ከትምህርት ገበታ መውጫ ዕድሜ ወደ አሥራ ስድስት ከፍ ሲል ነገሩ ይበልጥ ትርጉም አገኘ፤ ሁሉም ልጅ እስከ አሥራ ስድስት ከተማረ፣ መንገድ የሚከፈልበት ተፈጥሯዊ ቦታ እሱ ይሆናል።

ካምብሪጅሽር ለዚህ አሠራር ከሌሎች አውራጃዎች በተለየ የተመቸ ነበር፤ ምክንያቱም ሄንሪ ሞሪስ ነው። ሞሪስ የአውራጃው የትምህርት ኃላፊ ሳለ በ1924 ባወጣው ሐሳብ በየገጠሩ «የመንደር ኮሌጅ» እንዲሠራ ጠየቀ፤ ቀን ለልጆች ትምህርት ቤት፣ ማታ ለአዋቂዎች መማሪያ፣ ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ የሚሆን አንድ ግቢ። የመጀመሪያው በ1930 ሶስተን ላይ ተከፈተ፤ ከሁሉ የሚያምረው በ1939 ኢምፒንግተን ላይ የተሠራው ሲሆን ንድፉን ያወጡት ከናዚ ጀርመን የሸሸው ዋልተር ግሮፒየስና እንግሊዛዊው ማክስዌል ፍራይ ናቸው። ሞሪስ ገበሬው ወደ ከተማ እንዳይፈልስ የገጠሩ ኑሮ በባህል መበልጸግ አለበት ባይ ነበር። ከዐርባ ዓመት በኋላ እነዚህ የመንደር ኮሌጆች እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ብቻ የሚያስተምሩ፣ ሁሉን ተቀባይ ትምህርት ቤቶች ሆነው ተገኙ፤ ከእነሱ የሚወጡትን ልጆች የሚሰበስብ የከተማ ኮሌጅ አስፈለገ። በ1974 የወንዶቹ ካውንቲ ሂልስ ሮድ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ፣ የሴቶቹ ደግሞ ሎንግ ሮድ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ ሆኑ፤ ሁለቱም ለሁለቱም ፆታ ተከፈቱ። ከሰባ ዓመት በላይ ለወንዶች ብቻ ተለክቶ የተሠራ ሕንፃ ያለ ብዙ ጫጫታ ሴት ልጆችን ተቀበለ።

የወንድሜ ቤተሰብ በዚያ አካባቢ ስለሚኖር ግቢውን ለማየት ዕድል ያገኘሁት ልጁ ጂሲኤስኢ ልትፈተን በተቃረበችበት ዓመት፣ ኮሌጁ ለአመልካች ቤተሰቦች በሩን በሚከፍትበት ምሽት ነው። ከፊት ያለው አሮጌው ሕንፃ የተማረ ሽማግሌ መልክ አለው፤ ከኋላው ግን በየአሥርት ዓመቱ የተጨመረው የመስታወትና የብረት ሥራ እየተደራረበ፣ መሬቱ ጠብቦት፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ተጨናንቋል። ግቢው ለጥቂት መቶ ወንዶች ልጆች ታስቦ የተመሠረተ ነው፤ ዛሬ ከ2,000 በላይ ተማሪዎች ይመላለሱበታል። በፐርቤክ ሮድ በኩል ያለው የስፖርትና የቴኒስ ማዕከል ለከተማው ነዋሪም ክፍት ነው፤ ሞሪስ ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር እላለሁ። ከምንም በላይ ዓይን የሚሞላው ብስክሌት ነው፤ መደዳውን ተደርድሮ የቆመው ብረት ሮቢንሰን ሱቅ ውስጥ ያሳለፈውን ዘመን ያስታውሳል። ከኢሊና ከሮይስተን በባቡር፣ ከመንደሮቹ በአውቶቡስ የሚመጡም ብዙ ናቸው።

ወንድሜን ያስደነገጠው ሕንፃው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የደንብ ልብስ የለም። ተማሪዎቹ መምህራንን በመጠሪያ ስማቸው ይጠራሉ፤ «ቲቸር» ማለት እንኳ የለም። ክፍለ ጊዜ ከሌላቸው ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ፣ ሻይ ይጠጡ፣ ወይም ከግቢ ይውጡ፣ ደወል እየደወለ የሚያሳድዳቸው የለም። መምህር ሲገባ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለሚቀበል ትውልድ ይህ ልቅነት ይመስላል፤ ወንድሜም ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ «ማን ይቆጣጠራቸዋል?» እያለ ነበር። ልጅቱ «ማንም አይቆጣጠረንም፣ ለዚህ ነው የምንሄደው» ብላ መለሰችለት። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ብቻውን ዩኒቨርሲቲ የሚላክ ልጅ ጊዜውን በራሱ ማስተዳደር የሚለማመድበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቢሳሳት የሚጠራውና ከወላጁ ጋር የሚነጋገር አማካሪ መምህር እዚያው እያለ መለማመዱ ደግሞ ካምፓስ ከገባ በኋላ ከመሰናከል ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ ካልተነሣ ግን የእነዚህ ኮሌጆች ታሪክ ጎደሎ ነው። በ1992 በወጣ ሕግ መሠረት ከሚያዝያ 1993 ጀምሮ ሲክስዝ ፎርም ኮሌጆች ከአውራጃ አስተዳደር ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ሆኑ፤ ነፃነት አገኙ፣ ሒሳባቸውንም ራሳቸው መሸከም ጀመሩ። ያኔ ከመቶ በላይ ነበሩ፤ ከትላልቅ ኮሌጆች ጋር በመዋሐድና አካዳሚ ወደሚባለው ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዓይነት በመለወጥ ዛሬ በዚያ ሕጋዊ ቅርፅ የቀሩት ከሃምሳ ያነሱ ናቸው። ከ2013 ጀምሮ ለሰባት ዓመታት መንግሥት ለአንድ የአሥራ ስድስት ወይም የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ የሚመድበው መነሻ ሒሳብ 4,000 ፓውንድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ዋጋው ሁሉ ሲጨምር እሱ አልጨመረም። በ2020 ወደ 4,188 ከፍ እስኪል ድረስ ኮሌጆች ቋንቋዎችንና ሙዚቃን የመሳሰሉ ጥቂት ተማሪ ያላቸውን ትምህርቶች እየቀነሱ ሊኖሩ ተገደዱ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ልጆች ከ2004 ጀምሮ በሳምንት እስከ 30 ፓውንድ ይሰጥ የነበረው ድጎማም በእንግሊዝ ተቋረጠ። 30 ፓውንድ ለሌላው ኪስ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከሩቅ መንደር በአውቶቡስ ለሚመጣ ልጅ ግን የሚማርበትንና የማይማርበትን ኮሌጅ የሚወስነው የአውቶቡሱ ዋጋ ነው።

በ2018 ሰተን ትረስት የተባለው ድርጅት ያወጣው ጥናት ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮዬ ይመጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ስምንት ትምህርት ቤቶች ብቻ ወደ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ 1,310 ተማሪ ሲልኩ፣ እያንዳንዳቸው ሁለትና ከዚያ በታች የላኩ 2,900 ገደማ ትምህርት ቤቶች በድምሩ የላኩት 1,220 ነበር። ከስምንቱ ስድስቱ እንደ ኢተንና ዌስትሚንስተር ያሉ በሀብታም ልጆች የሚታወቁ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ሁለቱ ግን ያለ ክፍያ የሚያስተምሩ የመንግሥት ሲክስዝ ፎርም ኮሌጆች ነበሩ፤ ዊንቸስተር ያለው ፒተር ሲመንድስና ይኸው ሂልስ ሮድ። አንዱ ሰው ይህን አይቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከኢተን ጋር ተሰለፈ ብሎ ይኮራል፤ ሌላው ደግሞ ከመላው አካባቢ በጂሲኤስኢ ውጤት የተመረጡ ልጆችን የሚሰበስብ፣ ዩኒቨርሲቲው ደጃፍ ላይ የቆመና የብዙ መምህራን ልጆች የሚማሩበት ኮሌጅ ቢልክ ምን ይገርማል ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ካውንቲ በአሥራ አንድ ዓመት ያደርገው የነበረውን ልየታ ኮሌጁ በአሥራ ስድስት ያደርገዋል፤ እኔ ግን አምስቱ ዓመታት ትንሽ ልዩነት አይደሉም ብዬ እከራከራለሁ። በአሥራ አንድ ዓመቱ የሰነፈ ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ሊነቃ ይችላል፤ ለመንቃት ጊዜ ያገኘው በሩ ስለተገፋ ነው። እኛም አገር በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሰናዶ የሚገባውና የማይገባው ለዓመታት በዚያው ዕድሜ ይለይ ነበር፤ ፈተናው እስኪቀር ድረስ «አልመጣለትም» ተብለው የቀሩ ስንት ጓደኞች እንዳሉን እያንዳንዳችን እናውቃለን። የእነሱን ችግር ያከበደው መለየቱ ብቻ አልነበረም፤ በር ለተዘጋበት ልጅ አጠገቡ የተከፈተው አማራጭ ክብር የሌለው መሆኑ ነበር።

የካምብሪጅን ነገር በዚህ በኩል ነው የማየው። ከሂልስ ሮድ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ፣ የድሮው የሴቶች ትምህርት ቤት ሎንግ ሮድ አለ፤ ከኤ ሌቨል ጎን ለጎን ወደ ሥራ የሚመሩ የሙያ ትምህርቶችንም ያስተምራል። ስሙ እንደ ሂልስ ሮድ በጋዜጣ አይወጣም። የወንድሜ ልጅ ውጤቷ ለሁለቱም ይበቃ ነበር፤ ነርስ መሆን ስለምትፈልግ የጤናና ማኅበራዊ እንክብካቤ ትምህርት ወዳለበት ወደ ሎንግ ሮድ ገባች። ወንድሜ ለሰዎች ሲናገር አሁንም መጀመሪያ የሚጠቅሰው ሂልስ ሮድ ልትገባ ትችል እንደነበር ነው፤ እሷ ደግሞ በሰማችው ቁጥር «አባዬ፣ እኔ የምማረው ሎንግ ሮድ ነው» ትለዋለች።